ዘመድ የሌለው ሰው በየትኛው ዓምድ ይገባል? የካምፓላ ጉዞዬ

አንባቢ ከማን ጋር እንደሚጓዝ ማወቅ መብቱ ነውና በራሴ ልጀምር። ታፈሰ እባላለሁ፤ አዳማ የሚያውቀኝ ግን “ጋሽ ታፈሰ ዳታቤዝ” ብሎ ነው። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በአንድ ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ኖሬያለሁ። ኮምፒዩተር ወደ ጋራዡ የገባ ዕለት ሌሎቹ ዳንቴል አልብሰው ሊያስቀምጡት ሲሉ እኔ ከፈትኩት። አስተማሪ አልነበረኝም። በአንድ እጄ መዝገበ ቃላት፣ በሌላው የእንግሊዝኛ መማሪያ ይዤ ብቻዬን ተማርኩት። ዛሬ በአዳማ ከእኔ በላይ ብዙ የእድር መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባ ሰው የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ዳታቤዝ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም ዘበኛ አለው። የዘበኛው ስም “የማረጋገጫ ደንብ” ነው። ቁጥሩ የጎደለ ስልክ ወይም ገና ያልደረስንበት ዓመት የልደት ቀን ሆኖ ሲመጣ በር ላይ አቁሞ ይመልሳል። ዘበኛ መቅጠር ቀላል ነው። ከባዱ፣ ባዶ እጁን የመጣውን እንግዳ ምን እንደሚያደርገው መንገር ነው። ወደ ካምፓላ የተጠራሁት ለዚሁ ነበር።

የጠራችኝ ሰላማዊት ናት። የሟቹ ጎረቤቴ የአቶ አሰፋ ልጅ ስትሆን፣ ካምፓላ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ በዚያ ላይ የኢትዮጵያውያን እድር ጸሐፊ ናት።

“ጋሼ፣ እድራችን ኮምፒዩተር ገብቶ አበደ” አለችኝ በስልክ።

“ምን አደረገ?”

“ሐጂ ከድርን የሁሉ ሰው ዘመድ አደረጋቸው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመዝገቢያውን ቅጽ የገለበጡት ከአንድ የአዲስ አበባ እድር ነው። ቅጹ ላይ “የቅርብ ዘመድ ስልክ” እና “የንስሐ አባት” የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ ዘበኛው ሁለቱም ካልተሞሉ አያሳልፍም። ካምፓላ ውስጥ ግን በስደት የመጣ፣ ዘመድ በአጠገቡ የሌለው ብዙ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ጸሐፊው ዜሮ ደርድሮ ያልፍ ነበር። የኛ ሰው ግን ሰውን “ዘመድ የለውም” ብሎ መጻፍ ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ሰላማዊት ዘመድ ለሌለው ሁሉ የእድሩን ዳኛ የሐጂ ከድርን ስልክ ሞላች። የንስሐ አባት ለሌለው ሁሉ ደግሞ መምሬ ዘለቀን ሰጠች፤ ለሙስሊሙም፣ ለጴንጤውም። ታዲያ አንድ ቀን ዳታቤዙ ለአባላት ዘመዶች የስብሰባ ጥሪ ሲልክ፣ የሐጂ ስልክ እስኪግል ድረስ ሲጮህ ዋለ።

“እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን” አለች። “ታትሞ የሚጸድቀው መዝገብ ላይ ያልገባ ሰው እስከ ከርሞ አባል አይሆንም። አቶ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ በክረምቱ ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር። እሳቸው እንዳይቀሩብኝ እፈራለሁ። ይምጡልኝ።”

አንድ ሽማግሌ ቀባሪ እንዳያጣ እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄዳል? ቲኬቱን እድሩ ቆረጠልኝ።

ሐሙስ፦ ከአዳማ ኢንቴቤ

በማለዳ አውቶቡስ በፈጣን መንገዱ ወደ ቦሌ ወጣሁ። የያዝኩት ላፕቶፔን፣ አንድ ሙሉ ልብስና ለሰላማዊት አንድ ኪሎ በርበሬ ነው። የቢጫ ወባ ካርዴን ከደረት ኪሴ አልለየሁትም፤ ኡጋንዳ ያለሱ አታስገባም። ኢንቴቤ የቆመችው ነርስ ካርዱን አገላብጣ “ጃጃ፣ ብቻህን ነው የመጣኸው?” አለችኝ። ጃጃ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። “ብቻዬን ነው የምሠራው” አልኳት በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛውንም ያስተማረኝ የለም።

ከኢንቴቤ ካምፓላ ያለው መንገድ ቀይ አፈርና አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ደረቅ መሬት የለም። ማቶኬ የሚሉት ሙዝ በየጓሮው ቆሟል፤ ሳይበስል ተልጦና ተቀቅሎ የሚበላ ነው። በከተማው መግቢያ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች መብራት እንጨት ላይ እንደ ጡረተኛ ተኮፍሰው ያያሉ። ማታ ሰላማዊት ማቶኬ በለውዝ ወጥ አቀረበችልኝ። ድንች ከመሰለህ ትሳሳታለህ፤ ዱባ ከመሰለህም ትሳሳታለህ። ሁለተኛ ሰሃን አስጨመርኩ።

አንድ ነገር ደስ አለኝ፤ እዚህ ሉጋንዳ የሚናገረው ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ተነሥቶ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስትል ሁለት ሰዓት ነው። ከአገር የወጣሁ አልመሰለኝም።

ዓርብ፦ ኪቡሊ

ሐጂ ከድር ኪቡሊ ኮረብታ ላይ፣ ከትልቁ መስጊድ ዝቅ ብሎ፣ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከሰላማዊት ጋር ሄድን። ከሱቃቸው በር ላይ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ይታያል።

“እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር” አሉኝ። መምህር አለመሆኔን ለማረም አልቸኮልኩም።

“ሐጂ፣ የንስሐ አባትዎ መምሬ ዘለቀ እንደሆኑ ያውቃሉ?”

“እንዴት አላውቅ! ባለፈው ገበያ ላይ አግኝተውኝ ‘ልጄ፣ ለንስሐ ጠፋህሳ’ አሉኝ” ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። “እኔም ‘አባ፣ ኃጢአቴ ብዙ ስለሆነ መጫኛ መኪና እየፈለግኩ ነው’ አልኳቸው።”

ሰላማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “ምን ላድርግ ሐጂ? ኮምፒዩተሩ ባዶ አልቀበልም አለ።”

“እንግዲህ እንዲቀበል እናደርገዋለን” አልኩና ላፕቶፔን ጨርቁ ላይ ዘረጋሁ።

ያልተማረ ባለሙያ ሁለት ነገር ብቻ ያደርጋል፤ ወይ ባዶን ጨርሶ ይከለክላል፣ ወይ በሩን ለሁሉም ይከፍታል። ሲከለክል ሰው ይዋሻል፤ ሲከፍት ጸሐፊው ይሰንፋል። እኔ መሐሉን መንገድ ያዝኩ። ባዶ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሐጂ የንስሐ አባት ባዶ የሆነው ስለማይመለከታቸው ነው። ወንድሙ አዲስ አበባ ኖሮ ስልኩ የጠፋበት ሰው ባዶ ደግሞ “አይታወቅም” ነው። ሰው ጨርሶ የሌለው ሰው ባዶ “የለውም” ነው። በስደት የመጣ፣ የቤተሰቡን ስም መስጠት የሚያስፈራው ሰውም አለ፤ የእሱ “መናገር አልፈለገም” ይባላል። ስለዚህ ከየዓምዱ ጎን “ምክንያት” የሚል ትንሽ ዓምድ ጨመርኩና ዘበኛውን እንዲህ አዘዝኩት፦ መልስ ካለ አሳልፍ፤ መልስ ከሌለ ምክንያት ጠይቅ፤ ሁለቱም ከሌሉ ከበር መልስ።

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። “ይህ ከፍርድ ቤት ይሻላል” አሉ። ይህን ምስክርነት እኔ አልለመንኩም።

ቀጥሎ የውሸቱን ቁጥር ማጽዳት ነበር። ኮምፒዩተሩን “የዘመዱ ስልክ ከሐጂ ስልክ የተለየውን አባል ሁሉ አጽድቅ፣ የሐጂን ስልክ የያዘውን ለይተህ አውጣ” አልኩት። ከዚያ ሰላማዊት የሐጂን ስልክ ለያዙት አንድ በአንድ ደወለች፤ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ በትግርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ትዘጋለች። እኔ የዘመዱንም የንስሐ አባቱንም ምክንያት እሞላለሁ፤ ሐጂ ከዘመድነት ሲሰናበቱ “አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ ተቀነሰ” እያሉ ሻይ ያስቀዳሉ። መስጊዱ ለመግሪብ ሲጣራ ጨረስን።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ዋንዴገያ

ማተሚያ ቤት የሞላው ዋንዴገያ ነው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ስለሆነ ሰፈሩ ተማሪ ነው፤ ሁሉም ወረቀት ያሳትማል፣ ስልክ ያሠራል፣ ቆሞ ይበላል። ሰላማዊት ቦዳ ጠራችልኝ። ቦዳ ማለት ሰው የሚጭን ሞተር ብስክሌት ነው። ነጂው “ጃጃ፣ አጥብቀህ ያዘኝ” አለኝ። አልያዝኩትም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ያዝኩት።

መዝገቡ እየታተመ ሳለ ሮሌክስ በላሁ። ሰዓት አይደለም፤ ቻፓቲ በሚባል ስስ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። ሻጩ “ሴንቴ ዝርዝር አለህ?” ብሎ ጠየቀኝ፤ ሴንቴ የሚሉት ገንዘብን ነው። ሁለት ሺህ ሽልንግ ከፍዬ ለምሳ የሚበቃ ቁርስ አገኘሁ።

ሰላማዊት የታተመውን ስታገላብጥ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ።

“ጋሼ፣ አቶ ገረመው የሉም።”

“ከሐጂ ዘመዶች ጋር ይሆናላ።”

“እዚያም የሉም። እሳቸው ‘ሐጂ ዘመዴ ነው ብዬ አልዋሽም’ ስላሉኝ፣ ያኔ ዘበኛውን አጥፍቼ ዓምዱን ባዶ አድርጌ ነበር ያስገባኋቸው።”

ወዲያው ገባኝ። ኮምፒዩተር ባዶን እንደ ዜሮ አያየውም፣ “የለም” ብሎም አይተረጉመውም፤ “አላውቅም” ብሎ ነው የሚይዘው። “የገረመው ዘመድ ስልክ ከሐጂ ስልክ ይለያል?” ስትለው “አላውቅም” ይላል። “አንድ ናቸው?” ስትለውም “አላውቅም” ይላል። ባዘዝኩት መሠረት አንደኛው ዝርዝር የሚለየውን፣ ሁለተኛው አንድ የሆነውን ሰበሰበ። “አላውቅም” የተባለለት ሰው ከሁለቱም በዝምታ ወደቀ። ዘበኛው አላባረረውም፣ አላስገባውምም፤ አላየውም።

ይህን ጉድጓድ ትልልቅ ባለሙያዎችም ይወድቁበታል። ልዩነቱ እኔ ሮሌክሱን ሳልጨርስ መውጣቴ ነው። ትእዛዙ ላይ “ባዶ የሆነውንም ጨምር” የሚል አከልኩ፤ ገረመው ብቅ አለ። ሆኖም ዓርብ የሠራሁት ዘበኛ በር ላይ አቆመው፦ ምክንያት?

“‘የለውም’ ይበሉትና እናትም” አለች ሰላማዊት።

“ዘመድ እንደሌለው ታውቂያለሽ?”

“ጠይቄያቸው አላውቅም።”

“እንግዲያው እኔ በራሴ ደንብ ላይ አልዋሽም። የት ነው የሚኖረው?”

“ፖርት ቤል። ስልካቸውን ደግሞ ጀልባ ላይ ሲሆኑ አያነሡም።”

“እንሂድ።”

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ፖርት ቤል

እዚህ ታክሲ የሚሉት እንደኛው ሚኒባስ ነው፤ ረዳቱም እንደኛው ይጮኻል። ሉዚራን አልፈን ሐይቁ ዳር ወረድን። የጭነት ጀልባዎች፣ የዓሣ ሽታ፣ መረብ የሚያራግፉ ሰዎች። አቶ ገረመው ከአንድ ዛፍ ሥር የጀልባ ሞተር ፈትቶ እንደ ዶሮ ብልት ሸራ ላይ ደርድሮታል። በወጣትነቱ ምጽዋ የመርከብ መካኒክ ነበር አሉ፤ ሐይቅ ዳር የተቀመጠውም ለዚያ ነው።

ሰላማዊት የመጣሁበትን ነገረችው። ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

“ከአዳማ ድረስ የመጣኸው ዘመድ የለህም ልትለኝ ነው?”

“እንዳለህ ልጠይቅህ ነው።”

“ዕድሜህ ስንት ነው?”

“ሰባ አንድ።”

“ልጅ ነህ። ሰባ አራት ነኝ። ያንን ቁልፍ አቀብለኝ።”

አቀበልኩት። መለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ እንዳረጀሁ የገባው በትክክለኛው ቁጥር ስላቀበልኩት ነው፤ ከዚያ በኋላ አከበረኝ። አራቱን የባዶ ዓይነቶች አስረዳሁት። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“እህት ነበረችኝ፤ አርፋለች። ሚስት አላገባሁም። ስለዚህ ‘አይታወቅም’ እንዳትል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ‘አልናገርም’ም አይደለም፤ ይኸው ተናገርኩ። የለኝም።”

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ቀጠለ።

“ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አንድ የሩቅ አገር ሰው ሞተ። ወዴት ይወሰድ ብለው የሚጠይቁት ሰው አጡ። ነርሷ እኔን ትጠይቀኛለች! እድር የፈለግኩት የዚያን ዕለት ነው። ጻፈኝ፤ ግን የእውነቱን ጻፍ።”

በዚህ መሐል አንዲት ወፍራም ሴት ዓሣ መጥበሻውን ትታ እየጮኸች መጣች። ማማ ናካቶ ትባላለች፤ ሞተሩ የእሷ ጀልባ ሞተር ነው።

“ምን እያለች ነው?” አልኩት።

“ ‘አማርኛ ሞተር አያስነሳም’ እያለች ነው።”

ሦስታችንንም ተቆጥታ የተጠበሰ ዓሣ በፖሾ አበላችን፤ ፖሾ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ነጭ ገንፎ ነው። ሂሳብ ስጠይቃት በማንኪያዋ አባረረችኝ። ዓሣው ጥርት ያለ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሳይበላ እንዳይመለስ።

እሁድ፦ ጉባኤው

ጉባኤው የተደረገው ከሰላማዊት ምግብ ቤት ጀርባ ድንኳን ተተክሎ ነው። እንደ እድር ወጉ ያረፈደ ይቀጣል። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ። ሐጂ ከድርና መምሬ ዘለቀ ጎን ለጎን ተቀምጠው “አባቴ”፣ “ልጄ” እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ሥራዬን አብራራሁ፤ ዘመድ “የለውም” ተብሎ በታተመው መዝገብ ላይ በእጅ የተጨመረውን የአቶ ገረመውን ስምም አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ለረጅም ጊዜ ነው ያጨበጨቡት።

ያን ጊዜ አቶ መስፍን ተነሡ። የመኪና ዕቃ አስመጪ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደንብ ይወዳሉ።

“ኮምፒዩተሩ ይቀበል” አሉ። “እኔ የምጠይቀው እድሩን ነው። እድር ሟችን ይቀብራል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ይህ ሰው ዘመድ የለውም ብላችሁ ጻፋችሁ። እሺ። ድንኳኑን በማን ደጅ እንትከል? ማንን ነው የምናጽናናው? ሐዘንተኛ የሌለው እድር የት ይገኛል?”

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ደንብ አላዘጋጀሁም ነበር። ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ ሐዘንተኛ አይፈጥርም። ሰላማዊት አየችኝ። አቶ ገረመውም እስከዚያ ሰዓት አልመጣም ነበር።

“ባለቤቱ ራሱ እንኳ አልተገኘም” አሉ አቶ መስፍን፤ መቀመጥ ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ የድንኳኑ መግቢያ ተገለጠ። አቶ ገረመው ኮት ለብሶ ገባ። ከኋላው ማማ ናካቶ ትከሻው የቆመ የበዓል ቀሚሷን አድርጋ ገባች፤ ከእሷ ኋላ ሦስት ዓሣ አስጋሪዎች፣ የታጠበ ሸሚዝ የለበሱ። የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር ሞልተው ተቀመጡ።

“አርፍደሃል፣ ቅጣት አለብህ” አሉት ሐጂ ከድር። “ደግሞ እነዚህ እነማን ናቸው?”

“ሐዘንተኞቼ ናቸው” አለ ገረመው።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ገረመው አልሳቀም።

“ትናንት ይህ የአዳማ ሰውዬ ዘመድ አለህ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት፤ እውነት ነው። ሌሊቱን ሳስበው ግን፣ ብሞት ማን ይመጣል ብሎ አልጠየቀኝም። እነዚህ ይመጣሉ። ድንኳኑን ከዛፉ ሥር ትከሉት። ቦታው ሰፊ ነው፣ ነፋስም አለው።”

ሰላማዊት ለማማ ናካቶ በሉጋንዳ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆመች።

“ ‘ሊሞት ነው እንዴ?’ እያለች ነው” አለች ሰላማዊት።

“የለም፣ የለም! ምናልባት አንድ ቀን!” አሉ ሐጂ።

ማማ ናካቶ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መለሰች፤ ሰላማዊት እየሳቀች ተረጎመችው፦ “ሞተሬን ሳይጨርስ አይሞትም። ከሞተ ግን አለቅሳለሁ። ማልቀሴን አሁን ላሳያችሁ?”

አቶ መስፍን ቀስ ብለው ተነሡ። “ጥያቄዬ ተመልሷል” አሉና ሄደው የአራቱንም እጅ ጨበጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እኔም እዚያው ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሥራዬን ፈጸምኩ። የገረመው “የቅርብ ዘመድ” ባዶ ሆኖ፣ ምክንያቱ “የለውም” ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩ ግን ለሁሉም አባል የሚሆን አዲስ ዓምድ ከፈትኩ፦ “ብንጠራው የሚመጣ ሰው”። የገረመው ዓምድ ላይ የማማ ናካቶ ስልክ ገባ። ዘበኛውም ምንም ሳይጠይቅ አሳለፈው።

ማክሰኞ፦ ወደ ቤት

በማክሰኞ በረራ ተመለስኩ። ሐጂ የሰጡኝን ሦስት ክንድ ጨርቅ ለባለቤቴ አስረከብኩ። አዳማ ሞቅ ብላ ጠበቀችኝ።

ጉዞው ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ማስተማር ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። መዝገብ ውስጥ ባዶ ቦታ ስናይ የጎደለው መልስ ይመስለናል። አንዳንድ ጊዜ የጎደለው ጥያቄው ነው። ዘበኛህን ከማጥበቅህ በፊት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አድምጥ።

በዚህ ጉዞ የፈጸምኳቸውን ላስፍር፦

ሐጂ ከድርን ከማይዘመዱት ሕዝብ ዝምድና አሰናብቻለሁ።

መምሬ ዘለቀን የማይናዘዟቸውን የንስሐ ልጆች አስለቅቄአለሁ፤ አመስግነውኛል።

ባዶን በአራት ለይቼ፣ አራቱንም የሚያውቅ ዘበኛ ሠርቻለሁ፤ እስካሁን ማንንም ዋሽ አላለም።

በሰባ አንድ ዓመቴ ቦዳ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስመለስ ግን ነጂውን አልያዝኩትም።

የእድሩ ሰዎች ለናይሮቢው እድር ስለ እኔ ነግረዋል፤ ጥሪ እጠብቃለሁ።

ገረመውን አስመዝግቤአለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውሎ የናካቶ ሞተር መነሣቱን ነገረኝ፤ አሁን የሌላ ሰው ሞተር ፈትቷል።